ሐኪም ጋራ ገበያ የወረደ ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ሳላይ ስለ ባሕር ሦስት ድርሰት ጽፌያለሁ። ማዕበሉን አስጮኼዋለሁ፣ መርከቡንም አስጥሜዋለሁ። የአማርኛ መምህራችን ጋሽ ወርቁ ግን ሦስቱንም በዝምታ መለሱልኝ። አርብ አርብ ለክፍሉ ጮክ ብለው የሚያነቡት የአብዲን ነበር። አብዲ ስለ ጎረቤቱ የጠፋ አንድ እግር ጫማ ይጽፍና ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እቃጠላለሁ። አንድ አርብ፣ አንዲት አርብ ብቻ፣ የኔ እንዲነበብ የማልሰጠው ነገር አልነበረም። ቁራጭ እርሳሱን እንኳ ሰርቄ ሞክሬያለሁ፤ እርሳሱም ያንኑ ባሕር ጻፈልኝ።

ምስጢሩን ላገኝ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ተከተልኩት። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አብዲ ወደ ሱቃቸው ሲሄድ ግን ቀጥታ መንገድ አያውቅም። በርበሬ የምታሰጣውን ሴት ሰላም ይላል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ጠብ ያዳምጣል፣ በቆመበት ሁሉ ይስቁለታል። እኔ ከኋላው ግድግዳ ለግድግዳ፣ ጀርባዬ ኖራ በኖራ ሆኖ። ለካ በግንብ በታጠረው ጁገል ጠባብ መንገድ ሰላይ መሆን አይቻልም! ከከተማው በላይ ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ፣ እንጨት የተጫነች አህያ መንገዱን ሞልታ መጣች። አብዲ ሊያሳልፋት ወደ ኋላ ሲሸሽ እኔ የተደበቅኩበት በር ሥር ገባ። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠምን።

«ወሪያ፣ ቤታችሁ እዚህ ሆነ እንዴ?»

ውሸት ስፈልግ እሱ እኔን ትቶ አህያዋን ማየት ጀምሯል። ከእንጨቱ ሥር የሚታየው አራት እግር ብቻ ነው። የርጥብ እንጨቱ ሽታ አወደን፣ ቅጠሉ ጆሮዬን ጫረኝ።

«ወላሂ፣ ሐኪም ጋራ ራሱ ገበያ ወረደ!» አለና እየሳቀ ሄደ። እኔ ያየሁት አህያ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ ጋሽ ወርቁ የኔን ወረቀት አነሡ። «ሐኪም ጋራ ዛሬ ገበያ ወረደ» ብለው ጀመሩ። አብዲ ዞር ብሎ አየኝ። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ዴስኩ ሥር ልገባ ስል፣ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ አለመቅናቱ ያስቀናኛል።

«ልጄ፣ ከባሕሩ በመውጣትህ ደስ ብሎኛል» አሉ ጋሽ ወርቁ።

አሁን ሁለት ሽማግሌዎች ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሻይ እንጠጣለን። አብዲ ከትምህርት ቤት ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም፤ ዝም ብሎ ያወራል። እኔ ደራሲው ከጠረጴዛው ሥር የሚለውን እገለብጣለሁ። «ጻፍ፣ ጻፍ፣ እኔ ሌላ አለኝ» ይለኛል፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል።

ትናንት አንድ ባጃጅ እስከ ጣራው ፍራሽ ተጭኖ አለፈ። እንደዚያች አህያ ሽታ የለው፣ ጆሮ አይጭር። እስኪሪብቶዬን አዘጋጅቼ የአብዲን አፍ ጠበቅኩ።

«ዛሬ አንተ ጀምር» አለኝ።

ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩ። «ሰውየው እንቅልፉን ጭኖ ወደ ቤቱ እየገባ ነው» አልኩ፣ እየፈራሁ።

አብዲ ሲኒውን አስቀመጠ። ከዚያ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ለራሱ ደገመው፤ እጁንም ዘረጋ። «እስቲ እስኪሪብቶህን አውሰኝ፣ ልጻፋት።»

ስልሳ ዓመት የጠበቅኩት እጅ ነው።

«ቀለም ጨርሷል» አልኩትና ኪሴ ከተትኩት። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ግን ገና አልደረቀም ነበር።