ልክ የሆነው መልስ

አባቴ አስኮ ልቅሶ ደርሰው ሲመለሱ የሚወርዱበትን የኮልፌን ፌርማታ አልፈው እስከ መጨረሻው የሄዱ ዕለት ፈራሁ። ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት መንገድ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሳቸውን ካጣሁ ማን አለኝ? ሳልውል ሳላድር ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ያለነው የት ነው፣ እነዚህን ሦስት ቃላት ይያዙልኝ እያለ ነጥብ ሰጣቸው። የአገሪቱ መሪ ማን ናቸው ሲላቸው አባባ ተስተካክለው ተቀመጡና፣

"ጃንሆይ ናቸዋ" አሉ።

እኔ በሩን አየሁ። ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ያወጣበት ዘመን ነው። ሐኪሙም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባ፣ አርፈዋል እኮ" አላቸው።

"አሉ። ቀብራቸውን ያየ ግን አለ?"

አንድ ነጥብ ቀነሰባቸው። ስንወጣ ለብቻዬ አድርጎ "አንድ ነጥብ ወጣ ወረደ ብለሽ አትደንግጪ" አለኝ። "ሰው እንቅልፍ ካጣም ይሳሳታል። ጥያቄውን ሲለምደው ደግሞ ያሻሽላል። የሚያሳስበው ብዙ ወርዶ እዚያው ሲቀር ነው። በየስድስት ወሩ አምጪያቸው።"

አመላለስኳቸው። ሦስቱን ቃላትማ ከመልመዳቸው የተነሳ ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት "ውሃ፣ ዛፍ፣ በሬ" ይሉት ጀመር። ከጃንሆይ ግን ወይ ፍንክች። መንገድ ላይ እለምናቸዋለሁ፤ "አባባ፣ በእማዬ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ሊቀመንበሩ ይበሉና እንገላገል። ሁለታችንንም ሊያስበሉን ነው።" "አልዋሽም" ይሉኛል። ያሉት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የተባለው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም፤ የወለዱት ደግሞ እኔን ብቻ ነው።

የመጨረሻ ጊዜ ስንሄድ ቀኑን ሳቱ። መሪው ማን ናቸው ሲባሉ ግን እጃቸውን አጣጥፈው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ሊቀመንበሩ" አሉ።

ሐኪሙ ፊቱ ፈካ። "አንዱን ቢስቱ አንዱን አገኙ። ድምሩ ያው ነው፣ ለውጥ የለም" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ምን እላለሁ፣ ስለምነው የኖርኩት ተሰጠኝ። ደስታው ግን አልመጣልኝም።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ አላስችል አለኝ። አጠገባችን ሰው መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳላይ፣

"አባባ፣ ጃንሆይስ?" አልኳቸው።

ቢቆጡኝ፣ ቀብራቸውን ያየ አለ ወይ ብለው ቢጮሁብኝ፣ ከነጭራሹ ቢያስይዙንም በወደድኩ።

ትክ ብለው አዩኝ።

"እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው፣ ልጄ?"

ከዚያ ወዲያ በር ዘግቼ ስለ ጃንሆይ የማወራላቸው እኔ ሆንኩ።