ጥርሷን የምትታከመው ሰላይ

ሰፈሩ የሚያውቃት ወስፈንጢር በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትማ። ዛሬ አርባዎቹን አጋምሳ፣ ጉልበቷ ደረጃ ሲወጣ እየተንቋቋ እንኳ ጠባይዋ አልበረደም። እየበላች ትነሳለች። ስታወራ የበሩን እጀታ ይዛ ነው። እንግዳ ቤት ሄዳ "አረፍ በይ እንጂ" ካሏት፣ የወንበሩን ጠርዝ በቂጧ ነካ አድርጋ ትነሳና "አረፍኩ እኮ" ትላለች።

እንዲህ ያለችውን ሴት ዕጣዋ የጣላት ደግሞ ቆሞ ከሚዋልበት ሥራ ላይ ነው። በአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ከጠዋት እስከ ማታ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ ካውያውን ወደፊትና ወደኋላ ስትገፋ ትውላለች፤ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ደረት፣ እንደገና ኮሌታ። ፊት ለፊቷ መስኮት አለ። በመስኮቱ የተተኮሰ ልብስ የሚያመላልሰው ነጭ መኪና ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ታያለች።

"እጄ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እኔማ የትም አልደረስኩ" ትላለች።

አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት የመኪናው ሹፌር ሥራ ሊለቅ መሆኑን ነግሯት፣ "መንጃ ፈቃድ ቢኖርሽ ላንቺ ነበር የምሰጥሽ" አላት። ሰውዬው ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ቃሉን ከአፉ ቀለብ አድርጋ፣ ሳምንት ሳይሞላ መንጃ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ባለቤቱም የምሯን መሆኑን ሲያይ፣ በእርግጥም ፈቃዱን ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው አላት።

ችግሩ ወንድሟ ነው። ጋሼ ነው የምትለው፤ እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነውና። ሃያ ዓመት ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል። ከዕለታት አንድ ቀን ጠመዝማዛ ላይ መንገዱን ስቶ የመጣ የጭነት መኪና ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወሰደው። ከሆስፒታል ሲወጣ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ "ከዚህ ቤት ሁለተኛ መሪ የሚጨብጥ ሰው አይወጣም።" ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ለማን እንደተባለ ግልጽ ነው። "እሺ ጋሼ" አለች። ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወራት ያለ ንግግር ከረመ። የምትፈራው ቁጣውን አይደለም፤ ቁጣ ይበርዳል። የምትፈራው ያንን ግድግዳ ነው።

ከግድግዳው ያዞረው አንድ የጨዋታ ሳጥን ነበር። ዱሮ አንድ ተሳፋሪ ከወንበር ስር ረስቶት የወረደ፣ ባለቤት ያልመጣለት ሳጥን። ውስጡ እየተጣለ ቁጥር የሚወጣበት ዳይ፣ የችሎታ ስም የተጻፈባቸው ካርዶችና የስለላ ጨዋታ መመሪያ አለ፤ የመመሪያው እኩሌታ ግን ተቀድዶ ጠፍቷል። የጎደለውን ጋሼ ከራሱ ፈጥሮ ሞላው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰላይ ይፈጥራል፤ የት አደገ፣ ምን ይችላል፣ ምን ይፈራል። ችሎታው የሚለካው በሸሚዝ ቁልፍ ነው። ቁልፎቹን ከሥራ ቤቷ የምታመጣው ወስፈንጢር ናት፤ ከደንበኛ ልብስ ረግፈው ባለቤት ያጡ ናቸው። መደበቅ ለሚችል መደበቅ በሚለው ካርድ ላይ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይደረደራል፤ ቁልፍ ያላረፈበትን ነገር ሰላዩ አይችልም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ምርመራ አለ። ጋሼ ይጠይቃል፤ ጋሼ ጣቱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እስኪያጮህ ድረስ የሰላዩ ባለቤት መመለስ አለበት። የተንተባተበ ሰላይ ሳይወለድ ይሞታል።

እሑድ ከምሳ በኋላ የሚመጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ጎረቤታቸው ፋርማሲስቷ ናት፤ ሰላይዋ ሁልጊዜ ቆንጆ ነች፣ ቋንቋ ሁሉ ትችላለች፣ ሁልጊዜም ትያዛለች። ሌላው ጡረታ የወጡት ዘበኛ ናቸው፤ የእሳቸው ሰላይ ሁልጊዜ ዘበኛ ነው፣ ሁልጊዜም ሥራ ላይ ይተኛል። "ሳላውቀው የምጽፈው ነገር የለም" ይላሉ። ወስፈንጢር እስካሁን ሻይ ከመቅዳት አልፋ አታውቅም ነበር። በዚያን እሑድ ግን ጋሼ ወንበር ሳበላትና፣ "ዛሬ አንቺም ትገቢያለሽ" አላት።

ቀኑ ክፉ ነበር። ማክሰኞ የመንጃ ፈተናዋ ነው፤ ሁለተኛው። በመጀመሪያው ዳገት ላይ መኪናው ወደኋላ ተንሸራቶባት ፈታኙ ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ፣ "እመቤት፣ ወደፊት ነው የሚኬደው" ብሏት ወድቃለች።

ጋሼ ደግሞ ረቡዕና ቅዳሜ የምትሄደው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይመስለዋል። ያንን ውሸት ያመጣችው ተቸግራ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አይዋጣላትም። አንዷን ካገኘች በኋላ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ያዘቻት። እንዲታመንላት ቤት ውስጥ በአንድ ጎን ብቻ ታኝካለች፤ ችግሩ በየትኛው ጎን እንደነበር ይጠፋታል።

"ያ ሐኪም ጥርስሽን እየነቀለ ነው ወይስ እየተከለ?" ይላታል ጋሼ።

ምርመራው ተጀመረ።

"ሰላይሽ የት አደገች?"

"ወንድሟ ቤት።"

"ውይ አይሆንም!" አለች ፋርማሲስቷ። "ወንድም ያላት ሰላይ ወንድሟን ይይዙባታል።"

"ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልግደለው?"

"በመርዝ ግደይኝ" አለ ጋሼ፤ "ፋርማሲስቷ ቅናሽ ታደርግልሻለች።"

ሳቁ። ወስፈንጢርም ሳቀች፤ ግን ሰውነቷ አልተፍታታም። ቁልፎቿን መደርደር ጀመረች። መደበቅ ላይ። ማዳመጥ ላይ። ትዕግሥት ላይ።

"ትዕግሥት? አንቺ?" አሉ ዘበኛው።

"ሰላይዋ ናት እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?"

ልብስ መተኮስ የሚል ካርድ ራሷ ጨመረች፤ ኪስ ውስጥ የተረሳውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ተኳሽ ነው ብላ ተከራከረች። የቀራትን ቁልፍ በሙሉ መዋሸት በሚለው ላይ ከመረችው።

"መኪና መንዳቱስ?" አሉ ዘበኛው። "መቼም የማይነዳ ሰላይ የለም።"

"የእኔዋ አትነዳም!" አለች። ቃሉ ከአፏ ያመለጠው ጥያቄው ገና ሳያልቅ ነው። "በእግሯ ነው የምትሄደው። መኪና ምን ያደርግላታል?"

ጋሼ ዳዩን መዳፉ ውስጥ አንቀጫቀጨው።

"ሰላይሽ ከቤት ስትወጣ የት ልሄድ ነው ብላ ትወጣለች?"

ጣቱ አንዴ ጮኸ። ወስፈንጢር አሰበች። ገበያ? ገበያ የሄደ ሰው ዘንቢል ይዞ ይመለሳል። ሁለቴ ጮኸ። ለቅሶ? ማን ሞቶ? ጭንቅላቷ ውስጥ ያለችው አንዲት ውሸት ብቻ ነበረች። እሷው ዘላ ወጣች።

"ጥርስ ሐኪም ዘንድ።"

ፋርማሲስቷ ምንም ሳይገባት ሳቋን ለቀቀችው። "ከራስሽ ቀዳሽው! እውነት ግን ጥርስሽ እንዴት ሆነ? ይሄን ያህል ጊዜ ስትታከሚ እኮ አንድ የሕመም ማስታገሻ እንኳ ከእኔ ገዝተሽ አታውቂም።"

ወስፈንጢር ሻይ ልትቀዳ ብድግ አለች፤ ብርጭቆዎቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ። ተመልሳ ተቀመጠች።

"ጥሩ ሽፋን ነው" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። "ጥርስ ማለቂያ የለውም። በይ፣ ተልዕኮው ይሄውልሽ። ሰላይሽ ዳገት ግርጌ ካለ ቤት አንድ ፖስታ ወስዳ ወጥታለች። ሰዎች እየተከተሏት ነው። ዳገቱ መሐል መኪና ቆሟል፣ አፍንጫው ወደ ላይ። ሹፌሩ የለም። ከኋላው የመስታወት መሸጫ ሱቅ አለ። ትነዳለች?"

"ነገርኩህ እኮ፣ ቁልፍ አላስቀመጥኩበትም።"

"ስለ ቁልፉ አልጠየቅኩሽም። ጠረጴዛው ስር ግራ እግርሽን እዪው።"

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ባዳው እግሯ ነበር። ግራ እግሯ የሌለ ነገር እስከ ታች ይረግጥና ተንቀጥቅጦ በዝግታ ይነሳል፤ ይረግጥና ይነሳል። ቀኝ እጇም ጭኗ ላይ የሌለ ማርሽ ጨብጦ ነበር።

"ስንት ሳምንት ሆነኝ እያየሁት" አለ ጋሼ። "የጨነቀው ሰው እግሩን ያርገበግባል። እንዲህ አድርጎ የግራውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ የሚለቅ ግን ለማጅ ብቻ ነው።"

ወንበሩን አዞረ። መንኮራኩሩ ሲጥ አለ። ወደ ግድግዳው ሊሆን ነው፣ አለች ወስፈንጢር በልቧ፤ በገዛ እግሬ መልሼ ግድግዳው ላይ ተከልኩት። ወንበሩ ግን ግድግዳውን አልፎ መስኮቱ ላይ ቆመ። ውጪ መኪና ይተላለፋል። ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ "እኔማ ለካ በሬን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት" ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ።

"ይቀመጡ" አለ ጋሼ ሳይዞር። "ጨዋታው አላለቀም። መኪናው ዳገት ላይ ነው። እንዴት ታስነሳዋለች?"

ወስፈንጢር በጣቷ እየቆጠረች መለሰች፤ "ትረግጣለች... ማርሽ ታስገባለች... የእጅ ፍሬኑን ትለቅና ነዳጅ..."

"መስታወት ቤቱ ወደመ። እንደገና።"

"ነዳጅ ቀድማ ትሰጥና ፍሪሲዮኑን..."

"መኪናው ዘሎ ጠፋ። ያሳዷት የነበሩት ደረሱባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንደገና።"

በሦስተኛው ፋርማሲስቷ፣ "ኧረ ለባለሱቁ መስታወት እዘኑለት!" አለች። ያኔ ጋሼ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ፔዳል ሆኖ ተዘርግቷል።

"ስሚኝ። የእጅ ፍሬኑን አትንኪው። ነዳጅ ትንሽ ስጪና ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም? መኪናው አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ይሰማሻል። በጆሮሽ አይደለም፣ በመቀመጫሽ ነው። እዚያ ላይ ስትደርሺ በሕይወትሽ አድርገሽ የማታውቂውን ነገር ታደርጊያለሽ።"

"ምን?"

"ዝም ብለሽ ትቆያለሽ። እግርሽን ሳታነቃንቂ። ሰው ጥሩምባ ቢነፋብሽም፣ ቢሰድቡሽም። ከዚያ በኋላ ነው የእጅ ፍሬኑ።"

ደጋገመችው። መስታወት ቤቱ ስንት ጊዜ እንደፈረሰ የቆጠረ የለም። በመጨረሻ ሰላይዋ ዳገቱን ወጣች፤ ዘበኛው አጨበጨቡ።

"ጋሼ፣ ተቆጣህ?" አለች እንግዶቹ ሲወጡ።

"እኔ ያስተማርኩት ሰላይዋን ነው። እህቴ ጥርሷን ነው የምትታከመው።" መዋሸት ከሚለው ካርድ ላይ አንድ ቁልፍ አንስቶ መንዳት ላይ አደረገው። "ይሄን እዚያ ያስቀመጥሽው ያለ ቦታው ነው።"

ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን አላየም፤ ግን አንድ ቦታም አልተቀመጠም። ወንበሩ ከክፍል ክፍል ሲሲጥ ዋለ፤ ወጥ ቤት ገብቶ ምንም ሳያነሳ ይወጣል፤ ራዲዮኑን ከፍቶ ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ ወስፈንጢር እሱ ሆነ። እሷም ሰኞ ዕለት ሥራ ላይ የሰው ኮሌታ አቃጠለች።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ደረሰባት።

"ጥርስ ነው?"

"ጥርስ ነው።"

"ይነቀላል ወይስ ይሞላል?"

"ዛሬ ይለይለታል።"

የፈተናው ዳገት ላይ ያው ፈታኝ ከጎኗ ተቀመጠና ገና ሳትነሳ ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተከለ። ወስፈንጢር ረገጠች፣ ማርሽ አስገባች፣ ግራ እግሯን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀች። መኪናው ከስሯ ቀና አለ። በመቀመጫዋ ሰማችው። ሰውነቷ ሁሉ ሂጂ፣ ልቀቂ፣ ተነሺ አላት። ከኋላ አንዱ ጥሩምባውን ነፋ። እሷ ግን ቆየች። መቆየት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች፤ ካውያው ፊት የቆመችባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ ይቀልሉ ነበር። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን አወረደች። መኪናው ወደፊት ሄደ። ፈታኙ እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳ።

ቤት ስትገባ ጋሼ መስኮቱ ስር ነበር፤ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ ጥሏል።

"ተነቀለ?" አላት ሳይዞር።

"ተነቀለ።"

"አመመሽ?"

"ትንሽ።"

ራሱን ነቀነቀ። ወስፈንጢር ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ወጥ ቤት ልታልፍ ስትል ዓይኗ ብርድ ልብሱ ስር ወደቀ። የቀረው ቀኝ እግሩ የወንበሩን መርገጫ እስከ መጨረሻው ተጭኖ ይዟል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ነበር የሚረግጠው። ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው አልጠየቀችውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

"ጋሼ፣ ደርሻለሁ እኮ። ቤት ነኝ።"

"አየሁሽ" አለ። እግሩ ግን አልተነሳም። "የሥራ ቤትሽ ሹፌር መልቀቁን ሰምቻለሁ፤ መኪናውን መቼ ይሰጡሻል?"

"ሰኞ።"

እግሩ መርገጫውን ይበልጥ ተጫነው። ወስፈንጢር ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጠርዙ ላይ አይደለም፣ ተደላድላ። እስኪለቀው ድረስ ሳትነሳ ልትጠብቀው ወሰነች። ግራ እግሯ ብዙም ሳይቆይ መርገብገብ ጀመረ።