የወሰኔ ኩርባ

ሐሙስ ገበያ በመምህርነት የተመደብኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ያኔ በአንድ የአፈር መንገድ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ሠላሳ የማይሞሉ የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። እኔ የተከራየሁት ወይዘሮ ወሰኔ ቤት ነበር። መንገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቀጥ ብሎ ይመጣና አቶ ትዕዛዙ ማሳ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ የወይዘሮ ወሰኔን ግቢ ታክኮ ይዞርና እንደገና ወደ መስመሩ ይመለሳል። ገደል የለ፣ ቋጥኝ የለ፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ! እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ «ይሄ መንገድ ምን አግኝቶት ነው?» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግማሹን የአገሩ ሰው ነገረኝ፤ ግማሹን በዓይኔ አየሁት።

ከመኪና መንገዱ በፊት እዚያ የነበረው የእግር መንገድ ነው። የጓሳ ሣር የጫኑ ፈረሶችና በግ የሚነዱ ነጋዴዎች ወደ ዘመሮ ከተማ ያልፉበት ነበር። በ1985 ነሐሴ ላይ የወይዘሮ ወሰኔን ታናሽ እህት፣ የምሥራችን፣ ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የቅሬው ወንዶች ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት በቃሬዛ አነሷት። ሬሳ የሚቀብረውም፣ በሽተኛ የሚሸከመውም ያው ቅሬው ነው። ወይዘሮ ወሰኔ የእህታቸውን እጅ ይዘው ከጎን ከጎን ሄዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጎርፉ እስኪያልፍ ቃሬዛውን አሳርፈው ዳር ላይ ተቀመጡ። ወንዙ ከሰዓት በኋላ ጎደለ። የምሥራች ግን ከዚያ በፊት ዐርፋ ነበር።

አርባዋ በወጣ በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅሬው ተሰብስቦ ሳለ ወይዘሮ ወሰኔ ከወንዶቹ መካከል ገብተው ቆሙ።

«መንገድ እናውጣ» አሉ።

የቅሬው ዳኛ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሽማግሌ ናቸው፤ በርኅራኄ መለሱላቸው። «ወሰኔ ልጄ፣ ኀዘንሽ የሁላችንም ነው። መንገድ ግን የመንግሥት ሥራ ነው።»

«ቃሬዛውስ የማን ሥራ ነው?»

በጥቅምት ዶማና አካፋ ወጣ።

ከወረዳ የመጣ ቀያሽ ችካል ሲተክል መስመሩ በአቶ ትዕዛዙ ማሳ መሐል አለፈ። ገብሱ ዘለላው ወጥቶ ቆሟል። አቶ ትዕዛዙ ዱላቸውን ይዘው ማሳው ዳር ቆሙና «ስድስት ልጅ አለኝ፤ አፈር ላብላቸው?» አሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ ካህን ተላከ፤ ወይ ፍንክች። ሥራው ሳምንት ቆመ። በስምንተኛው ቀን ወይዘሮ ወሰኔ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ታቅፈው ወስደው በራሳቸው ማሳ ላይ ተከሏቸው።

ባላቸው አቶ ወዳጆ ከገበያ ሲመለሱ አይተው ደነገጡ። «እህትሽን ቀበርሽ፤ አሁን ደግሞ እኛን በረሃብ ልትቀብሪን ነው?»

«ማሳው ሁሉ አልሄደም፤ የተረፈውን እናርሳለን» ብቻ አሉ።

መንገዱ ሁለት በጋ ፈጀ። ወንዶቹ ሲቆፍሩ ሴቶቹ ድንጋይ ያመላልሱ ነበር፤ ወንዙ ላይ መሻገሪያ ተነጠፈ። ጨውና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ የመጀመሪያው ሆኖ ሲገባ ቄሱ ሳይቀሩ ሮጡ አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ቤቱን እያፈረሰ መንገድ ዳር ይሠራ ጀመር። አቶ ወዳጆም ኩርባው ላይ ሻይ ቤት ከፈቱ። እኔ በደረስኩ ጊዜ ለሾፌሮች «መንገዱን በዚህ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» እያሉ ይፎክሩ ነበር። ወይዘሮ ወሰኔ ይሰማሉ፤ ፈገግ ይላሉ፤ ስኳር ይጨምራሉ።

በ1990 ወደ ዓለም ከተማ ተዛወርኩ። በ2002 ርዕሰ መምህር ሆኜ ስመለስ ቦታው ጠፋኝ። አዲስ አበባ የሚደርስ አውቶቡስ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ መብራት ገብቷል። አቶ ወዳጆ ሞተዋል፤ ሻይ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ወሰኔ ናቸው። አቶ ትዕዛዙ በዚያ በገብስ ማሳቸው ላይ ከልጆቻቸው ጋር አራት ሱቅ ሠርተዋል። ኩርባው ብቻ እንዳለ አለ። ሾፌሮች ይረግሙታል፤ ባለፈው ክረምት እንኳ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦበታል።

በ2003 መንገዱ ሰፍቶ ድንጋይ ሊነጠፍ ሆነና ነዋሪው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰበሰበ። ጽናት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ካርታ ለጥፋ አስረዳች። «ሁለት አማራጭ አለ። ኩርባው እንዳለ ከሰፋ የወይዘሮ ወሰኔ ቤት ይነሣል። መንገዱ ቀጥ ካለ ደግሞ የአቶ ትዕዛዙ ሱቆች ይነሣሉ። ለሚነሣው ምትክ ቦታ ይሰጣል።»

የአቶ ትዕዛዙ ልጅ በዕውቀቱ ተነሣ። አንደበቱ የተባ ነው። «ወይዘሮ ወሰኔ የዚህ መንገድ እናት ናቸው። ያኔ ማሳቸውን ሳይሰስቱ ሰጡን። ዛሬም በልማቱ ላይ ይጨክናሉ ብዬ አላምንም።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄ ሄዶ ነበር፤ አፍሬ መለስኩት።

ወይዘሮ ወሰኔ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ያኔ ስሰጥ ያጨበጨበልኝ አልነበረም። ዛሬ ሳልሰጥ አጨበጨባችሁ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ልጅ አልወለድኩ፣ ያለኝ ያ ቤት ነው። አልሰጥም።»

ከሰዉ ሁሉ ይልቅ ራሳቸው የደነገጡ ይመስሉ ነበር። በዕውቀቱ እንደገና ሊናገር ሲል ከኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አቶ ትዕዛዙ ናቸው።

«አንተ ተቀመጥ» አሉት ልጃቸውን። «ችካሉን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ገብሱ እናንተን አሳድጓችኋል፤ አልጸጸትም። የኔን ድርሻ ግን እሷ ሁለት ጊዜ አትከፍልም። መንገዱ ቀጥ ይበል።»

ወይዘሮ ወሰኔን ቤታቸው አደረስኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ደጃቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙና «መምህር፣ ዛሬ ክፉ ሴት ሆንኩ?» አሉኝ።

«ኧረ አልሆኑም።»

«ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?»

መንገዱ ቀና። ወይዘሮ ወሰኔ ያላሰቡት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መኪናው በዚያ ማዶ ሽው እያለ ሲያልፍ ሻይ ቤቱ ሰው አጣ። አንድ ዓመት ሙሉ ብርጭቆ አጥበው ደርድረው ደጅ ደጁን ሲያዩ ይውሉ ነበር። «ቤቱን አተረፍኩ፤ መንገዱን አጣሁ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይማረሩ። የበዕውቀቱም ነገር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙ እንኳ ሰላም አይላቸውም። ምትክ ቦታው ከገበያው የራቀ ነው፤ ሱቁ እንደ ድሮው አልሆነለትም።

ኋላ ባዶ የቀረውን ኩርባ ድንች ሻጮች ያዙት። መኪና ስለማይመጣባቸው ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ብርድ ሲሆን ሻይ ይፈልጋሉ። ብርጭቆዎቹ ሥራ አገኙ። አቶ ትዕዛዙም ሐሙስ ሐሙስ ከዘራቸውን ተደግፈው እየመጡ የግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁለቱ ስለ ዝናብ፣ ስለ በግ፣ ስለ ጾም ያወራሉ። ስለ መንገዱ ሲያነሡ አንድም ቀን አልሰማሁም።

አቶ ትዕዛዙ በ2007 ዐረፉ። ወይዘሮ ወሰኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ቤቱ ሳይለዩ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወር እንኳ ሳይሞላ በዕውቀቱ ሻይ ቤት መጣ። እኔም ነበርኩ። ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ሱቁን ትቼዋለሁ። ጎማ ቤት ልከፍት አስቤ ነበር። እዚህ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ለመቆም ይመቸዋል፤ አጥሩ ጥግ ላይ ቢፈቅዱልኝ...»

ወይዘሮ ወሰኔ አንድ ብርጭቆ አነሡ። «ሻይ ጠጣ መጀመሪያ» አሉት። ከጠጣ በኋላ «ዘይት ደጄ ላይ እንዳትደፋ» አሉ።

«እሺ እማማ።»

በማግስቱ አየር መሙያውን በጋሪ አምጥቶ፣ ከድንች ሻጮቹ ጋር በቦታ ሲጨቃጨቅ አረፈደ።