መኪና በጆሮው የሚመረምረው ሰው

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ደንበኛውም፣ ባልደረባውም፣ መለዋወጫ የሚያመጣለት ነጋዴም «ዶክተር» ነበር የሚሉት። መኪና ሲመጣለት እንደ ሌሎቹ መካኒኮች ቶሎ ብሎ መፍቻ አያነሳማ! መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳል። ከዚያ የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው ካንዴላ ሰንፏል» ወይም «ኩሽኔታው አልቆለታል» ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲል የተሳሳተባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

አንድ መጥፎ ልማድ ግን ነበረው። ጆሮውን ሲያሳክከው እጁ የገባውን ሁሉ ይከትበታል፤ የክብሪት እንጨት፣ የመኪና ቁልፍ፣ አንዳንዴም የስክሪብቶ ክዳን። ቤት ሲገባ ደግሞ ጫፉ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ይዞ ሶፋው ላይ ይመቻቻል። ቤት ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ታዲያ ከስፌቷ ቀና ትልና፣ «ሰውዬ፣ ጆሮ ነው እኮ! ምን ጠፍቶህ ነው እንዲህ የምትፈልገው?» ትለዋለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ታጥቦ ሲወጣ ግራ ጆሮው ድፍን አለ። ውሃ የገባ መስሎት በአንድ እግሩ ዘለለ፣ ራሱን አዘንብሎ መታ መታ አደረገ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሲናገር የራሱ ድምፅ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስል ይጮህበት ጀመር። «ይለቀኛል» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

አልለቀቀውም። በቀኝ ጆሮው ተማምኖ ነበር፤ እሱም ቢሆን እንዳሰበው አልሆነለትም። ሰው ሲያናግረው «እሺ» ማለት ጀመረ። የሰማውንም እሺ፣ ያልሰማውንም እሺ። ለሁለት ሳምንት ያህል ይህቺ «እሺ» በደንብ አገለገለችው። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ስትመለስ ግማሽ ኪሎ ምስር ይዘህ ና» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ። ከሥራ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገ። ፈታችው። ሚስማር!

ሚስማሩን አየችው፤ ደግሞ እሱን አየችው።

«ይሄን ስንት ሰዓት ልቀቅለው?»

«ምኑን?»

«ሚስማሩን ነዋ!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያዘዝሽኝ?»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ነገሩ ሲገባው አብሯት ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማኝ?» አለችው።

«እሰማሻለሁ እኮ። አንቺ ነሽ ቃል የምትውጪው» ብሎ ተነሳ።

በማግስቱ ታክሲ የምትነዳ ሴት መጣች። አሥር ዓመት ሙሉ መኪናዋን ከእሱ ሌላ ሰው አስነክታ አታውቅም። «ዶክተር፣ ይቺ መኪና ትጮሃለች» አለችው። ካቻቢቴውን ግራ ጆሮው ላይ አስደገፈ፤ ዝም። ወደ ቀኝ አዞረው፤ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ። አላውቅም ማለት ከበደውና «የጎማ ኩሽኔታ ነው» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት አራቱንም ጎማ ፈታ፤ ኩሽኔታዎቹ ሁሉ ጤነኛ ነበሩ።

ጋራዡ ውስጥ ባትሪና መብራት የምትሠራው ኤሌክትሪሺያን ሰው እንዳይሰማ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ ቺንጋው ነው መሰለኝ። እዚያ ማዶ ሆኜ ሁሉ ይሰማኛል፣ ፉጨት የመሰለ ነገር።»

ሞተሩ ድጋሚ ተነሳ። ቺንጋው፣ ያ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ዓይኑ ፊት ይዞራል፤ ሴቲቱ ጆሮዋን ይዛለች፣ ኤሌክትሪሺያኗ ፊቷን አጨማዳለች። ለእሱ ግን ፉጨት የሚባል ነገር የለም። «አዎ፣ እሱ ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ሄደና ቀጭን ሽቦ አጥፎ ግራ ጆሮው ውስጥ ከተተ። እንደ እሳት ለበለበው። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ደም አየ።

ያን ዕለት ለሚስቱ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። እሷ አልተቆጣችም። ሊጠይቃቸው የመጣው ወንድሟ ግን መድኃኒት አላጣም፤ «ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ ጠብ ማድረግ ነው!» አለ።

«ውስጡ የቆሰለ ይሁን የተቀደደ በማላውቀው ጆሮ ምንም አላፈስም» አለችው እህቱ። «ነገ ሐኪም ያየዋል።»

የጆሮ ሐኪሟ ረጋ ያለች ወጣት ነበረች። ስለ ክብሪቱ፣ ስለ ጥጡና ስለ ሽቦው ከነገራት በኋላ መብራት ባላት ትንሽ መሣሪያ አንዱን ጆሮ አየች፣ ሌላውን አየች፣ ተመልሳ ግራውን አየች።

«አባቴ፣ ኩክ ነው» አለችው። «ግራውን ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። በክብሪቱም በጥጡም ሲነካኩት ወደ ውስጥ እየጠቀጠቁት ኖረዋል። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ አበጠና ደፈነዎት።»

«ታዲያ አሁን ይወጣላ?»

«ይወጣል፣ ዛሬ ግን አይደለም። ሽቦው ቆዳውን ጭሮታል፤ መጀመሪያ ቁስሉ ይድን።» ጠብታ አዘዘችለት፤ ቁስሉን የሚያድን፣ ኩኩንም የሚያለሰልስ። ለሳምንት ጆሮው ውሃ እንዳይነካው፣ ሕመሙ ከባሰ፣ ፈሳሽ ካየ ወይም ካዞረው ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣ ነገረችው። «ኩክ ቆሻሻ እንዳይመስልዎት። አቧራውን ይዞ ቀስ እያለ ራሱ ይወጣል። እርስዎ ከውጭ ያለውን በፎጣ ጫፍ ከጠረጉ ይበቃል።»

በሳምንቱ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው። «ቀዝቃዛ ውሃ ያዞራል» እያለች ሳትቸኩል በስሪንጅ ውሃውን ገፋች። ከዚያ ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነገር፣ የጥጥ ቁራጭ እንደተጣበቀበት፣ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ሰማ፤ አጠገባቸው ያለች ነርስ ወረቀት ስትገልጥ ሰማ። እንደ ሕፃን ሳቀ።

የቺንጋው ነገር ግን ከልቡ አልወጣም ነበርና ነገራት። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ማዳመጫ አድርጋለት፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን አደረገች። ውጤቱ ወረቀት ላይ ወጣ። መስመሩ ደህና ሄዶ ሄዶ ወደ መጨረሻው ቁልቁል ወርዷል።

«ወፍራሙን ድምፅ ደህና ይሰማሉ። ቀጭኑን ግን ሁለቱም ጆሮዎች ቀንሰዋል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መካኒክ ነኝ።»

«በመዶሻና በብረት መቁረጫ ሲሠሩ ጆሮዎን ሸፍነው ያውቃሉ?»

«ሸፍኜ በምን ልሰማ?»

ፈገግ አለች። «ጩኸት የጎዳው በጠብታም በማጠብም አይመለስም። የቀረዎትን ጆሮ በመከለያ መጠበቅ ነው። የጎደለውን የመስሚያ መሣሪያ ያግዝዎታል።»

መከለያውን በሳምንቱ ገዛ። መሣሪያውን ግን አራት ወር አንገራገረ፤ ሽማግሌ ያስመስለኛል አለ። «ፀጉርህ ሸብቶ፣ ሁለት ጥርስህ ተነቅሎ፣ አሁን ያስረጀህ ይሄ ሆነ?» አለችው ሚስቱ። በማግስቱ ሄዶ መሣሪያውን አስገጠመ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስጨናቂ ነበሩ። ሳህን ይጮሃል፣ ፌስታል ይጮሃል፣ የገዛ ኮሌታው ይንኮሻኮሻል። ሁለት ጊዜ ሄዶ አስተካከሉለት፤ ሳምንታት ሲያልፉ ለመደው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ሲያዳምጥ ቆየና፣ «መኪናሽ ዘይት ጠምቷታል» አላት። ክዳኑን ከፍታ አየች፤ እውነቱን ነው። ሁለቱም ደስ አላቸው።

ጋራዥ ውስጥ ነገሩን አልደበቀም። ኤሌክትሪሺያኗን፣ «ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ አብረሽኝ አዳምጪልኝ» አላት። አሁን ለመመርመር የከበደ መኪና ሲመጣ እሷ አንድ ወገን፣ እሱ አንድ ወገን ቆመው ያዳምጣሉ። ባለ ታክሲዋንም፣ ያን ቀን በከንቱ ስላዋላት ይቅርታ ጠየቃት።

«ተወው ባክህ ዶክተር» አለችው። «እኔስ መነጽር እያስፈለገኝ ሳላደርግ ስንት ጊዜ ነዳሁ መሰለህ?»

«ይሄንንስ ባልሰማሁት ይሻል ነበር!» አለ፤ ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እሱም መከለያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብረት ወደሚቆርጥበት ጥግ ሄደ።