የእህል ጉድጓዱ አፍ ላይ

ጉብኝቱን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የድሮ የገጠር ኑሮ የሚታይበት ግቢ እንዳለ ነግረውት፣ «ልጅቷ የእናቷን አገር ትወቅ» አለ። እሁድ ጠዋት ከአየር ጤና በሚኒባስ ሄድን። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዤ ነበር።

ግቢው እውነተኛ ገጠር ይመስላል። ጎጆው አለ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስም ሰው አለ። አስጎብኚዋ ፈጣን ልጅ ናት። ከጎጆው ጀርባ ወስዳ የእህል ጉድጓድ አሳየችን፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ መሰላል የገባበት። «እህሉን እዚህ ቀብረው ያከርሙት ነበር» አለች። እኔ ወደ ኋላ አልኩ።

ሸዋ ገጠር ሳድግ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲከፈት እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስቡ ነበር። ታምቆ የከረመው አየር ሰው ይገድላል። አንድ ጎረቤታችን ጉድጓዱ ሳይናፈስ ቸኩሎ ወረደና ዝም አለ። ወንድሙ ሊያወጣው ተከትሎ ገባ፤ እሱም ዝም አለ። አብረው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ በእኛ መንደር ተከትሎ የሚወርድ ሰው፣ ቢወድቅ ከላይ እንዲጎተት፣ ብብቱ ሥር በገመድ ሳይታሰር አይለቀቅም፤ አባትም ቢሆን።

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! ሊፍትም ትፈሪያለሽ።» የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አልፈረድኩበትም።

በሬዎቹ ዘንድ ስንደርስ ነጠላዬን ላስተካክል የልጄን እጅ ለቀቅሁ። ዞር ስል የለችም።

ሮጥን። የአንድ እግር ጫማዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወድቋል። አባቷ አጎንብሶ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ጮኸ። ዝም። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያደርግ ቀበቶውን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ!»

«ሳትታሰር አትወርድም!»

«ልጄ እኮ ናት! አብደሻል?»

«የኔስ አይደለችም? ገመድ! ገመድ አምጡ!»

አስጎብኚዋ፣ «ማዘር፣ ችግር የለውም፣ ለጎብኚ ነው የተቆፈረው፣ እህል ገብቶበት አያውቅም» ትላለች። እኔ የምሰማው የጉድጓዱን ዝምታ ብቻ ነበር። ባለቤቴ እጄን መታው፣ አልለቀቅሁም። ገበሬው የቆዳ ገመዱን፣ ጠፍሩን ይዞ ሮጦ መጣ። ባለቤቴን ብብቱ ሥር አሰርኩት። ስቋጥር ልጄ ከታች ትንፋሽ እያጠራት እንደሆነ አስብ ነበር። እያሰብኩ ቋጠርኩ።

ገና መውረድ ሲጀምር ከሥር ሳቅ ተሰማ። «አባዬ፣ አላገኘኸኝም!» ከማይታየው ጥግ ተለጥፋ ተደብቃ ኖሯል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ባለቤቴም ጠፍሩን ሳይፈታ፣ «እስቲ እዩልኝ፣ እንደ በሬ ጠመደችኝ» አለ። ከጉድጓዱ ያወጣትን ልጁን ግን ከእቅፉ አላወረዳትም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ልጄ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ አባዬ ሊያወጣኝ ሲል ለምን ያዝሽው? ስትጮሂ እሰማ ነበር።»

የወንድማማቾቹን ነገር ነገርኳት። «ሁለታችሁንም እንዳላጣ ነው፣ የኔ እናት።»

«እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ እኮ።»

ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ ይህን ግን ለልጅ እንዴት ብለው ይነግሩታል? ቤቴል ስንወርድ እጄን ዘረጋሁላት። የአባቷን ያዘች። አስፋልቱን ሲሻገሩ ግራና ቀኝ መኪና እያየሁ ከኋላቸው ተከተልኩ።