የሲስተር ስርጉት የሦስት ወር መርፌ

ሞጣ ላይ ሲስተር ስርጉትን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ክትባት ወግታለች፤ ጡረታ ወጥታም እጇ ሥራ አልፈታም። ድመት በወለደች ቁጥር ግልገሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ወንዝ ሲጣሉ ማየት አንገሸገሻት። ስለዚህ ሴቶች እርግዝና ለመከላከል የሚወጉትን የሦስት ወር መርፌ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች መጀመሪያ የራሷን ድመት፣ ቀጥላም የጎረቤቶቿን ዘጠኝ ድመቶች ትወጋ ጀመር። ሠፈሩ መረቃት። የእኔም ድመት ከዘጠኙ አንዷ ናትና እኔም መርቄያታለሁ፤ ምን አውቄ!

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ጥር ድመቷን ውሪትን ስታሻሽ ጡቷ ሥር ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር እጇን ነካት። ነርስ ናትና ደነገጠች። በማግሥቱ ውሪትን ካርቶን ውስጥ ከትታ በሚኒባስ ቢቸና ሄደች። የበሬና የበግ ሐኪም ሞልቷል፤ ድመት ብሎ የሚቀበላት ግን ከዶክተር አካለ ወልድ በቀር አላገኘችም።

ዶክተሩ ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ።

«ሲስተር፣ የሰጧት መድኃኒት አለ?»

«የለም» ልትል ምንም አልቀራት።

«የሦስት ወር መርፌ እወጋታለሁ።»

«መርፌው ድመትን ለጡት ዕጢ ያጋልጣል። የድመት የጡት ዕጢ ደግሞ አብዛኛው ክፉ ነው። ይቺ ዕጢ ገና ትንሽ ናት፣ ዛሬውኑ ቆርጬ አወጣታለሁ። ሌላ የወጉት አለ?»

«ዘጠኝ።»

«ነገ ዛሬ ሳይሉ ይዳስሷቸው፤ ከብብት እስከ ጭን፣ ሁሉንም ጡት። ካደገ ሳንባ ይገባል፤ ያኔ የእኔ ቢላዋ አይረዳም።»

ውሪትን እዚያው ትታ ተመለሰች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

እሷ ግን ከሚኒባስ እንደወረደች በቀጥታ ዘሚራ ሱቅ ገባች። ዘሚራ እህል ነጋዴ ናት፤ ያለ ድመቷ ጤፏን አይጥ ይጨርሰዋል።

«እሰይ፣ መጡልኝ ሲስተር! የመርፌዋ ቀን ደረሰ አይደል?»

ስርጉት ድመቷን ጭኗ ላይ አጋድማ ከብብቷ ጀመረች። አንደኛው ጡት ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ፤ እብጠቱ ሎሚ ያህላል።

«እሱንማ አይቼዋለሁ» አለች ዘሚራ። «ወተት ቋጥራ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሳትወልድ ወተት ከየት ይመጣል ልጄ?» አለች ስርጉት እንባዋ እየወረደ። «እኔ ነኝ ያመጣሁባት። በዚህ በእጄ።»

ከዘሚራ ወጥታ ቀጥሎ ያንኳኳችው የእኔን በር ነው።