ቢጫው አቡጀዲ

ልጅ ሳለሁ ከሰማኋቸው ተረቶች የአብዛኞቹን መጨረሻ አላውቅም። ጎረቤታችን አዴ ድንቄ የሚተርቱት ጨርቅ ሲያቀልሙ ነበር፤ ሰዓት ስላልነበራቸው ጊዜውን በተረት ይለኩ ነበር፤ ቀለሙ ከያዘ ተረቱ የትም ይድረስ እዚያው ይቆማል።

ያኔ እኔና እናቴ አምቦ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ሞቷል። እናቴ የጠረጴዛ ልብስ ትጠልፋለች። መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ባለቀለም ጨርቅ ከአዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ፤ እጃችን ላይ የቀረው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነበር። አንዲት የጊንጪ ሴት ደግሞ ለልጇ ሰርግ ቢጫ የጠረጴዛ ልብስ አዛለች። እናቴ ነገሩን አልሸፋፈነችልኝም።

«ይህ ሥራ ከቀረብኝ ትምህርትህን ትተህ ባኮ አጎትህ ዘንድ በቆሎ ትኮተኩታለህ።»

አዴ ድንቄ ሰምተው ሳቁባት። «ቀለም ጠፋ ትያለሽ? አልጫሽን በምንድን ነው ቢጫ የምታደርጊው?»

አቡጀዲው በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ አደረ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ከሰል ተያያዘ፣ ድስት ተጣደ፣ እርድና የሽንኩርት ልጣጭ ገባበት። መብራት ስለጠፋ ሻማ ለኮስን። የከሰሉ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ በዱላ የጨርቁን ጫፍ እያነሳሁ ቀለሙ መያዙን መናገር የእኔ ሥራ ነበር። የአዴ ድንቄ ዓይን ደክሞ ነበር።

አዴ ድንቄ ተረታቸውን ጀመሩ፦ ደንዲ ሐይቅ አጠገብ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። ነጠላዋን ሰማያዊ እንዲያደርግላት ሐይቁን ለመነችው። «ቀለሜን ከፈለግሽ ታች ድረስ ወርደሽ ውሰጂ» አላት። ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ አንገቷ።

«ጉርባ፣ ያዘ?» አሉኝ። ልጅን የሚጠሩት በኦሮምኛ ነበር።

ጫፉን አነሳሁት። ይዟል፤ አምሮበታል።

«ገና ነው» አልኩ።

«ምን ዓይነት ሰነፍ ጨርቅ ነው!» ብለው ቀጠሉ። ሴትዮዋ ከሐይቁ ሥር አንድ በር አገኘች። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ገና አልኩ። ሴትዮዋ እጇን ወደ በሩ ስትዘረጋ የሚያር ጨርቅ ሸተተን።

አዴ ድንቄ ጨርቁን በባዶ እጃቸው መንጭቀው አወጡት። ውኃው አልቆ ድስቱ ደርቋል። አንደኛው ማዕዘን ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ወጥቶበታል። እናቴ ከክፍሉ ወጥታ ቆመች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አዴ ድንቄ። «ይኼ ዓይኔ!»

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«ይዞ ነበር» አልኩ። «ተረቱን ለመስማት ብዬ ነው የዋሸሁት።»

እናቴ አልመታችኝም። ጠባሳውን በመዳፏ ለካችው። ከዚያ «ሻማውን አምጣ፤ እርሳስህንም» አለች። ጨርቁ ሲደርቅ ጠባሳው ላይ ትልቅ አበባ ሣለች። አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ቢሆን ስለሚያስታውቅ በቀሩት ሦስቱም ላይ ሣለች። ሦስት ምሽት ጠለፈች፤ ሦስት ምሽት ክር በመርፌ አስገባሁላት። ጨርቁን ስጨምቅ እጄ በእርዱ ቢጫ ሆኖ ስለነበር የክፍል ልጆች «አልጫ» ይሉኝ ነበር።

እሑድ ጊንጪ ሄድን። የሙሽራዋ እናት ጨርቁን ዘርግታ አበቦቹን በጣቷ ዳሰሰች። «አበባ መቼ አዘዝኩሽ?» አለች።

«ካልወደድሽው እፈታዋለሁ» አለች እናቴ። ከአንዱ አበባ ሥር ጠባሳው ስላለ ሊፈታ እንደማይችል ግን እኔና እሷ እናውቅ ነበር።

«ብትነኪው ወዮልሽ!» አለችና ጨርቁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

ባኮ አልሄድኩም።

ከወራት በኋላ አዴ ድንቄ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠሩኝ። «ና ጉርባ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳገኘች ልንገርህ።»

«ይቅር፣ አዴ» አልኳቸው። የተቃጠለ እጃቸውን አይቼ ነበር። አልተቆጡም፤ አልነገሩኝምም። አሁን በሕይወት የሉም።

ሴትዮዋ በሩን ትክፈተው አትክፈተው አላውቅም። ሰው ሥራዬን «አለቀ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ካለቀ «አልቋል» እላለሁ።